ከጓሮ በኩል ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራ ዴክ፦ ለሜሪላንድና ለሰሜን ቨርጂኒያ ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ተዳፋት ላይ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ቤዝመንታቸው በጓሮ በኩል ወደ ውጭ ይከፈታል። ከፊት ለፊት ሲገቡበት ምድር ቤት የሆነው ዋናው ወለል ከጓሮ ሲታይ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ የወጥ ቤቱ ተንሸራታች በርም ከመሬት 8፣ 9፣ አንዳንዴም 10 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ በር ላይ ዴክ መሥራት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ደረጃ በደረጃ ሊከተለው ይችላል፤ ኮንትራክተር የሚቀጥር ደግሞ ሠራተኛው ምን እንደሠራና ምን እንደዘለለ ለይቶ ያይበታል።

ከፍ ያለ ዴክ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው እንጨቱ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው፤ ከሁሉም በላይ ዴኩ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያዝበት ቦታ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ቺካጎ ውስጥ ሰው ሞልቶበት የነበረ ባለ ብዙ ፎቅ የእንጨት በረንዳ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሞተዋል። በሰኔ 2015 በርክሊ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የወደቀው በረንዳ ደግሞ የ6 ወጣቶችን ሕይወት ቀጥፏል፤ እዚያ ምክንያቱ ውሃ ገብቶ እንጨቱን ማበስበሱ ነበር። ብዛት ያለው ሰውና የታቆረ ውሃ፣ ሁለቱም እኛ ቤት ይመጣሉ። ክርስትና፣ ልደትና የማኅበር ድግስ በሆነ ቁጥር 30 እና 40 ሰው ዴክ ላይ ይቆማል፤ ሙዚቃ ከተከፈተ ደግሞ እስክስታው አይቀርም፣ እስክስታ ደግሞ ዴክን ወደ ጎን ይወዘውዛል። ስለዚህ ከዚህ በታች በመጋጠሚያዎች ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ የወለሉን ቀለምና ዓይነት በመሳሰሉት ላይ ግን አንቆይም።

ለምሳሌ የምንጠቀመው ከግድግዳው ወደ ውጭ 12 ጫማ የሚወጣ፣ በግድግዳው ርዝመት 16 ጫማ የሆነ፣ ወለሉ ከመሬት 9 ጫማ ከፍ ያለ ዴክ ነው። የናንተ ልክ የተለየ ከሆነ ቁጥሮቹን በዚያው ስሌት ቀይሯቸው።

መጀመሪያ ግድግዳውን መርምሩ

ንድፍ ከመሳላችሁ በፊት ዴኩ የሚታሰርበት ግድግዳ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ቤዝመንት ውስጥ ገብታችሁ በዚያ በኩል ያለውን ኮርኒስ ክፈቱና የወለሉን ዳር የሚዘጋውን ጣውላ፣ ባንድ ቦርድ የሚባለውን፣ እዩት። 1½ ኢንች ውፍረት ያለው ደህና ጣውላ ወይም ቢያንስ 1 ኢንች ውፍረት ያለው ኤልቪኤል (ከቀጫጭን የእንጨት ንጣፎች ተጣብቆ የተሠራ ጣውላ) ከሆነ የዴኩን ማሰሪያ ጣውላ፣ ሌጀሩን፣ መሸከም ይችላል። ሌጀር የማይታሰርባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ፦

- ግድግዳው በጡብ የተሸፈነ ከሆነ። በአካባቢያችን ያለው ጡብ በአብዛኛው ልባስ ነው፤ ከኋላው ባዶ ክፍተት አለ፤ ራሱን እንጂ ሌላ ነገር አይሸከምም። ረጅም ብሎን በጡቡ አሳልፎ እንጨቱ ላይ ማሰር መፍትሔ አይደለም።
- ወለሉ ከመሠረቱ ግድግዳ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ከሆነ፤ ለምሳሌ የምግብ ክፍሉ ወይም የመስኮቱ ክፍል 2 ጫማ ተንጠልጥሎ ከወጣ። ያ ጫፍ የተሰላው ለቤቱ ክብደት ብቻ ነው።
- የቤቱ ወለል በአይ ጆይስት (ጆይስት ወለል የሚሸከም አግዳሚ እንጨት ነው፤ ይህኛው ቅርፁ እንደ I ፊደል ነው) ወይም በትረስ (በሦስት ማዕዘን በተገጣጠሙ እንጨቶች) ተሠርቶ ዳሩ ላይ ቀጭን ፓኔል ብቻ ካለ።

ከነዚህ አንዱ ካጋጠማችሁ ዴኩን ከቤቱ ሳታስሩ በራሱ ቋሚዎች እንዲቆም አድርጉት። ይህ ማለት በቤቱ በኩልም ሁለተኛ ቢም (በቋሚዎች ላይ ተኝቶ ጆይስቶቹን የሚሸከም አግዳሚ) እና ሁለተኛ የቋሚ ረድፍ መጨመር ነው። ከግድግዳው 5 ጫማ ሳይርቅ የሚቆፈር መሠረት ደግሞ የቤቱ መሠረት እስካረፈበት ጥልቀት ድረስ መውረድ አለበት፤ ምክንያቱም ቤቱ ሲሠራ ተቆፍሮ የተሞላው አፈር ለዓመታት እየተጫነ ይወርዳል። ቤዝመንቱ በዚያ በኩል ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ የቤቱም መሠረት ብዙ ስለማይጠልቅ ሥራው አይከብድም።

ፈቃድ፣ የሰፈር ማኅበርና 811

ከቤት ጋር የሚታሰርና እንዲህ ከፍ ያለ ዴክ ያለ ፈቃድ አይሠራም። ፌርፋክስም ሆነ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የተለመዱ የዴክ ዝርዝሮችን የያዘ የተዘጋጀ ሰነድ አላቸው፤ ዴካችሁ በዚያ ውስጥ ከወደቀ የመሐንዲስ ማኅተም ሳያስፈልጋችሁ በሰነዱ ላይ ተመሥርታችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። የምታስገቡት የቤቱን ቦታ የሚያሳይ ፕላት፣ የዴኩ ንድፍ ከላይና ከጎን፣ የእንጨቱ ልክና የመሠረቱ ልክ ነው። ፕላቱ ላይ ከአጥር መስመር ያለውን ርቀትና የውሃ ወይም የመብራት ድርጅት የመተላለፊያ መብት ያለበትን መሬት ፈልጉ፤ እዚያ ላይ ቋሚ ማቆም አይቻልም።

ኤችኦኤ (የሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካላችሁ የሱ ፈቃድ ከካውንቲው የተለየ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ቀለምና የሬሊንግ (የዳር መከላከያ) ዓይነት የሚወስኑት እነሱ ስለሆኑ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ከመቆፈራችሁ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብላችሁ 811 ደውሉ። ነፃ ነው። የጋዝ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮችን መጥተው በቀለም ያመለክቱላችኋል። ለአትክልት ማጠጫ ወይም ለጓሮ መብራት በግላችሁ ያስገባችሁትን ግን አያመለክቱም፤ እሱን ራሳችሁ አስታውሱ።

ክብደቱና የእንጨቱ ልክ

በመኖሪያ ቤት ሕጉ አንድ ዴክ በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ የሰውና የዕቃ ክብደት፣ በዚያ ላይ 10 ፓውንድ የራሱን ክብደት እንዲችል ይሠራል። የኛ ምሳሌ 192 ካሬ ጫማ ነው፤ 40 ሲባዛ 7,680 ፓውንድ ይሆናል፤ ይህም 45 አዋቂዎች ገደማ ነው። በዚህ አካባቢ ላለ የአየር ሁኔታ በቂ ነው። ሙቅ ውሃ ገንዳ ካሰባችሁ ግን ይህ ስሌት ፈጽሞ አያገለግልም፤ መሐንዲስ ያስፈልጋችኋል።

እንጨቱ መበስበስን የሚከላከል ኬሚካል የተጫነበት ሳውዘርን ፓይን፣ ቁጥር 2 ይሁን። ቋሚዎቹ ጫፋቸው ላይ ባለው ምልክት «ግራውንድ ኮንታክት» የሚል መሆን አለባቸው። እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በመኖሪያ ቤት እንጨት ላይ የነበረው አርሴኒክ ያለበት ኬሚካል ቀርቶ በመዳብ ላይ የተመሠረተ ተተክቷል፤ ይህ መዳብ ተራ ብረትንና አሉሚኒየምን ይበላል። ስለዚህ ብሎኑ፣ ራንዴላው፣ ሀንገሩ (የጆይስቱን ጫፍ የሚይዘው የብረት ኪስ) እና ምስማሩ በሙሉ በሙቅ የተነከረ ጋልቫናይዝድ ወይም ስቴንለስ ይሁን። ሁለቱን በአንድ መጋጠሚያ አታደባልቁ፤ ጋልቫናይዝድ ሀንገር ላይ ስቴንለስ ምስማር ከመታችሁ ሀንገሩ ቶሎ ይዝጋል።

ለምሳሌያችን የሚከተለውን መርጠናል። ጆይስቶቹ 2×10 ሆነው ከመሐል እስከ መሐል በ16 ኢንች ርቀት ይቀመጣሉ፤ በዚህ ርቀት ሳውዘርን ፓይን 2×10 እስከ 14 ጫማ ይደርሳል። 2×8 እስከ 11 ጫማ ከ10 ኢንች ስለሚፈቀድለት ለዚህ ልክ ያልፋል፤ ቢሆንም ሰው ሲራመድበት ይንቀጠቀጣል፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ያ ስሜት ያስጨንቃል። ቢሙ ሁለት 2×12 ጎን ለጎን ተጣምረው ይሠራል፤ ከግድግዳው በ10½ ጫማ ላይ ይቀመጥና ጆይስቶቹ ከሱ አልፈው 1½ ጫማ ይወጣሉ። ተንጠልጥሎ የሚወጣው ክፍል ከውስጠኛው ርዝመት ሩብ መብለጥ የለበትም፤ እዚህ ከሩቡ በታች ነው። ቢሙን የሚሸከሙት ሦስት 6×6 ቋሚዎች ሲሆኑ በመካከላቸው 7 ጫማ፣ በሁለቱም ጫፍ 1 ጫማ ትርፍ ይኖራል። የ12 ጫማ ጆይስት ሲጫንበት ሁለት 2×12 ቢም በቋሚዎች መካከል የሚፈቀድለት 8 ጫማ ከ7 ኢንች ነው፤ ስለዚህ 7 ጫማ በምቾት ይሸከማል። 4×4 ቋሚ ለዚህ ከፍታ አታስቡ።

የዋና ዋና እንጨቶች ብዛት፦ ጆይስት 2×10 ባለ 12 ጫማ 13፤ ሌጀርና የፊት ዳር 2×10 ባለ 16 ጫማ 2፤ ቢም 2×12 ባለ 16 ጫማ 2፤ ቋሚ 6×6 ባለ 10 ጫማ 3። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ቋሚው ከ8 ጫማ በታች ይበቃዋል፤ ነገር ግን ጓሮ ሁልጊዜ ያዘነብላል፤ ረዝሞ የተገዛ ይቆረጣል፣ ያጠረ ግን አይቀጠልም።

ሌጀሩን ማሰር

ልክ ሁሉ የሚነሳው ከሌጀሩ ስለሆነ ከሱ ጀምሩ። የዴኩ ወለል ከበሩ ደፍ 3 ወይም 4 ኢንች ዝቅ ይበል፤ በረዶና የነፋስ ዝናብ ወደ ቤት እንዳይገባ ይህ ያስፈልጋል። ከዚያ ላይ የወለሉን ጣውላ ውፍረት 1 ኢንች ቀንሱ፤ የሌጀሩ የላይ ጠርዝ እዚያ ላይ ይውላል። መስመሩን በሌዘር ወይም በውሃ ልክ አስምሩ።

1. ሳይዲንጉን (የግድግዳውን የውጭ ሽፋን) ከመስመሩ በላይ 4 ኢንች ያህል፣ ከታች እስከ ሌጀሩ መጨረሻና ከዚያም ትንሽ አልፎ አንሱት። ሌጀርን በሳይዲንግ ላይ ማሰር ከተለመዱት ከባድ ስሕተቶች አንዱ ነው፤ ቪኒሉ ይጨመቃል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ከኋላው ውሃ ይቀመጣል።
2. ከሥር ያለው ፓኔል ለስልሶ ወይም ጠቁሮ ካገኛችሁት ደህና እስከሆነው ድረስ ቆርጣችሁ ቀይሩ።
3. በፓኔሉ ላይ ራሱ የሚጣበቅ የቡቲል ሽፋን ለጥፉ፤ የላይኛው ጫፉ ከቤቱ የእርጥበት መከላከያ ሥር ይግባ። ውሃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ እያሰባችሁ፣ የላይኛው ሽፋን ሁልጊዜ የታችኛውን ይደርብ።
4. ሌጀሩን በጊዜያዊ ድጋፍ አንሥታችሁ በውሃ ልክ አስተካክሉና በጥቂት ምስማር ያዙት። ምስማሩ ለመያዣ ብቻ ነው። በምስማር ብቻ የታሰረ ሌጀር ክብደት ሲበዛበት ከግድግዳው ወደ ውጭ ተነቅሎ ይመጣል፤ የዴክ መውደቅ በብዛት የሚታየው እንዲህ ነው።
5. የ½ ኢንች ላግ ስክሩ (ያለ ዳዶ እንጨቱ ውስጥ የሚጠብቅ ወፍራም ቪቴ) የምትጠቀሙ ከሆነ የሌጀሩን ቀዳዳ በ½ ኢንች፣ የባንድ ቦርዱን በ5/16 ኢንች መብሻ ብሱ። ለ10½ ጫማ ጆይስት በላግ መካከል የሚፈቀደው ርቀት 15 ኢንች ነው፤ በ16 ጫማ ሌጀር ላይ 14 ላግ ይገባል። ከውስጥ በኩል ዳዶ ማጥበቅ ከቻላችሁ ½ ኢንች ብሎን ይሻላል፤ ርቀቱ እስከ 29 ኢንች ስለሚፈቀድ 8 ይበቃል።
6. አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያፈራረቃችሁ እሰሩ። ከላይ ጠርዝ ቢያንስ 2 ኢንች፣ ከታች ጠርዝ ቢያንስ ¾ ኢንች፣ ከሁለቱ ጫፎች ከ2 እስከ 5 ኢንች ይራቁ። እያንዳንዱ ራንዴላ ይኑረው። የላጉ ሹል ጫፍ በቤዝመንት በኩል ባንድ ቦርዱን አልፎ መታየት አለበት፤ 4 ኢንች ላግ ብዙ ጊዜ ያጥራል።
7. በሌጀሩ ላይ የሚታጠፍ ፍላሺንግ (ውሃ ወደ ውጭ የሚያፈስ ስስ ሽፋን) አድርጉ፤ የላይኛው ክንፉ ከእርጥበት መከላከያው ሥር ይግባ፣ የታችኛው የሌጀሩን ፊት አልፎ ወደ ታች ይታጠፍ። ጥሬ አሉሚኒየም እንጨቱን በቀጥታ አይንካ። ኮክ (ስንጥቅ መሙያ ማጣበቂያ) የፍላሺንግን ቦታ አይተካም፤ በጥቂት ዓመት ተሰንጥቆ ውሃ ያስገባል።

ተቆጣጣሪው አይቶ እስኪያልፍ ድረስ ይህን ክፍል አትሸፍኑት።

መሠረቱ

ከሌጀሩ ቱምቢ አውርዳችሁ በ10½ ጫማ ላይ ገመድ ወጥሩ። ማዕዘኑን በ6፣ 8 እና 10 ጫማ አረጋግጡ፤ አንዱ ጎን 6፣ ሌላው 8 ሲሆን ሰያፉ 10 መምጣት አለበት። በገመዱ ላይ የሦስቱን ቋሚዎች መሐል ምልክት አድርጉ።

ጉድጓዱ አፈሩ በብርድ ከሚያብጥበት ጥልቀት በታች መውረድ አለበት፤ ፌርፋክስ 24 ኢንች፣ ሞንትጎመሪ 30 ኢንች ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ክረምት ላይ በረዶው መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አንዱ ቋሚ ከሌሎቹ ተለይቶ ሲነሳ ቢሙ ይጣመማል፣ የሌጀሩ መጋጠሚያም ይጎተታል። ጥልቀቱ ላይ ብትደርሱም የተሞላ አፈር ካገኛችሁ ጥንት ያልተነካው አፈር እስኪመጣ መቆፈር ቀጥሉ።

ስፋቱ በክብደት ይሰላል። አፈሩ በካሬ ጫማ 1,500 ፓውንድ ይችላል ተብሎ ይወሰዳል። በምሳሌያችን የመካከለኛው ቋሚ ቢሙ ሳይቆረጥ በላዩ ስለሚያልፍ ወደ 2,900 ፓውንድ ይወርድበታል፤ ይህም 2 ካሬ ጫማ ገደማ መሬት ይፈልጋል፤ 20 ኢንች ዲያሜትር ያለው ክብ ይህን ይሰጣል። የዳሮቹ አነስ ያለ ቢበቃቸውም ሦስቱንም አንድ ዓይነት ማድረግ ሥራውን ያቀላል። ታችኛው 12 ኢንች በ20 ኢንች ስፋት ይሞላ፤ ከዚያ በላይ 12 ኢንች የካርቶን ቱቦ ከመሬት በላይ 6 ኢንች እስኪወጣ ይነሳ። ለ30 ኢንች ጥልቀት አንዱ ጉድጓድ ባለ 80 ፓውንድ ከረጢት 7 ይፈጃል፤ ለሦስቱ 21፣ መጠባበቂያ 3 ጨምሩበት።

አርማታ ከመሙላታችሁ በፊት ተቆጣጣሪው ጉድጓዱን ማየት አለበት። ቀጠሮ ይዛችሁ በዚያው ቀን ዝናብ ቢጥል በላስቲክ ሸፍኑት፤ ጭቃ የተኛበት ጉድጓድ አያልፍም። ከሞላችሁ በኋላ አርማታው ገና ለስላሳ ሳለ የቋሚውን ማሰሪያ የሚይዘውን ብሎን በገመዱ ልክ ትከሉ። ቋሚው አርማታ ውስጥ አይቀበር፤ ጋልቫናይዝድ ማሰሪያ ላይ 1 ኢንች ከፍ ብሎ ይቁም።

ቋሚና ቢም

እዚህ ከፍታው ራሱ አደገኛ ነው። የዴኩን በር ከውስጥ በቪቴ ዝጉት፤ በልማድ ከፍቶ የሚወጣ ልጅ ወይም እንግዳ አይጠፋም። በመሰላል ላይ ሆኖ ቢም ማንሳት አይሞከር፤ ስካፎልድ ተከራዩ። እርጥብ 2×12 ባለ 16 ጫማ አንዱ ብቻ ወደ 90 ፓውንድ ይመዝናል፤ ስለዚህ ሁለቱን መሬት ላይ አጣምሮ ከማንሳት አንድ በአንድ አንሥቶ እላይ ማጣመር ይቀላል።

ቋሚዎቹን አቁማችሁ በሁለት አቅጣጫ በጊዜያዊ እንጨት ደግፉ። ከሌጀሩ የታች ጠርዝ በሌዘር ደረጃውን አምጡ፤ እዚያ ላይ የሚውለው የቢሙ የላይ ጠርዝ ነው፤ ከዚያ በቢሙ ቁመት ልክ ወርዳችሁ በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ የቢሙን የታች ጠርዝ አመልክቱ። ከላይ ቢሙ የሚቀመጥበትን 3 ኢንች ጥልቀት ያለው መቀመጫ ቁረጡ፤ 6×6 በትክክል 5½ ኢንች ስለሆነ ከኋላ 2½ ኢንች ይቀራል፤ ከዚያ ማነስ የለበትም። ቢሙ መቀመጫው ላይ ያርፍና በሁለት ½ ኢንች ብሎኖች ከቋሚው ጋር ይታሰራል። የተቆረጠውን ፊት ሁሉ የእንጨት መከላከያ ፈሳሽ ቀቡ።

በአካባቢያችን ባሉ ቆየት ያሉ ዴኮች ላይ የሚታይ አሠራር አለ፦ ሁለቱ የቢም ጣውላዎች ቋሚውን ግራና ቀኝ አቅፈውት በብሎን ብቻ ተሰቅለዋል። ይህን አትድገሙት። እዚያ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ብሎኑ ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጣውላውም ይሰነጠቃል። እንጨት እንጨት ላይ ማረፍ አለበት።

ከእያንዳንዱ ቋሚ ወደ ቢሙ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ድጋፍ ጨምሩ፤ ከመጋጠሚያው ቢያንስ 2 ጫማ ወርዶ ይጀምር፣ በብሎን ይታሰር። እስክስታው የሚያመጣውን የጎን ውዝዋዜ በቢሙ አቅጣጫ የሚይዘው ይህ ነው። በራሱ በቆመ ዴክ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ግድ ነው።

ጆይስቶች

እያንዳንዱን ጆይስት በዓይናችሁ አሻግራችሁ ተመልክታችሁ ጉብጠቱን ወደ ላይ አድርጉት። በሌጀሩ በኩል በ2×10 ሀንገር ይቀመጣል፤ የሀንገሩ ቀዳዳ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ለሀንገር በተሠራው ምስማር ይሞላ። የጂፕሰም ቪቴም ሆነ ተራ የዴክ ቪቴ እዚህ ቦታ የለውም፤ ጠንካራ ቢመስልም ክብደት በጎን ሲመጣበት ጥርቅ ብሎ ይቆረጣል። በቢሙ ላይ እያንዳንዱን በብረት ማሰሪያ ያዙት። የፊት ዳሩን ካሰራችሁ በኋላ ሁለቱን ሰያፎች ለኩ፤ 12 በ16 ስለሆነ ሁለቱም ልክ 20 ጫማ መምጣት አለባቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው በቀላሉ የሚዘነጋ ሥራ ነው። ዴኩ ከቤቱ እንዳይለይ ወደ ውስጥ የሚጎትት የብረት ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ 1,500 ፓውንድ የሚችል ሁለት ወይም 750 ፓውንድ የሚችል አራት። የ1,500ዎቹ ከዴኩ ሁለት ጫፍ በ24 ኢንች ውስጥ ይቀመጡና በረጅም ዘንግ የዴኩን ጆይስት ከቤቱ ወለል ጆይስት ጋር ያገናኛሉ። የቤቱ ጆይስት ከግድግዳው ጋር ትይዩ ከሆነ ከውስጥ ማገናኛ እንጨት መጨመር ስላለበት የቤዝመንቱን ኮርኒስ ከመዝጋታችሁ በፊት አስቡበት። የ750ዎቹ ከውስጥ መክፈት ሳያስፈልግ ከውጭ ይገባሉ።

የጆይስቶቹን ጀርባ በቡቲል ቴፕ ሸፍኑ። ርካሽ ነው፤ ውሃ በቪቴው ቀዳዳ ገብቶ እንዳያበሰብስ ያደርጋል። ከዴኩ ሥር ያለውን ቦታ ደረቅ ለማድረግ የሚዘረጋ የውሃ መቀበያ ከፈለጋችሁም ጊዜው አሁን ነው፤ ወለሉ ከተመታ በኋላ አይገባም።

ወለሉ

ኮምፖዚት (ከእንጨት ፍርፋሪና ከፕላስቲክ የተሠራ ጣውላ) 5½ ኢንች ስፋት ካለው በመካከል 3/16 ኢንች ክፍተት ትቶ 26 ረድፍ ይገባል፤ 28 ባለ 16 ጫማ እዘዙ። በሰያፍ ለመምታት ካሰባችሁ ጆይስቶቹ ከመጀመሪያው በ12 ኢንች መቀመጥ ነበረባቸው። እርጥብ የሆነ እንጨት ከሆነ ግን ሳታራርቁ አጠጋግታችሁ ምቱት፤ ሲደርቅ ራሱ ክፍተት ይፈጥራል። ጠቆር ያለ ኮምፖዚት በሐምሌ ፀሐይ በባዶ እግር አያስቆምም፤ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ጓሮ ፈካ ያለውን ምረጡ።

ደረጃው

ብዙ ዴክ በመጨረሻው ፍተሻ የሚወድቀው እዚህ ነው። የአንዱ ደረጃ ከፍታ ከ7¾ ኢንች መብለጥ፣ የእግር መርገጫው ከ10 ኢንች ማነስ የለበትም፤ ከሁሉ የሚበልጠውና የሚያንሰው ከፍታ ልዩነት 3/8 ኢንች ብቻ ነው። የኛ 108 ኢንች ለ7¾ ሲካፈል 13.9 ይሆናል፤ ወደ 14 እናሳድገውና እያንዳንዱ 7.71 ኢንች ይመጣል። በአንድ ወራጅ ብናደርገው 13 መርገጫ በ10 ኢንች 10 ጫማ ከ10 ኢንች ይረዝማል። እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ 2×12 ስትሪንገር (መርገጫዎቹን የሚሸከመው ሰያፍ ጣውላ) ያለ ድጋፍ በአግድም ከ6 ጫማ በላይ መሄድ ስለሌለበት ይህ አያስኬድም። መፍትሔው በ54 ኢንች ከፍታ ላይ በራሱ ቋሚዎች የቆመ፣ ቢያንስ 3 በ3 ጫማ የሆነ ማረፊያ ነው፤ ከላይ 7፣ ከታች 7 ደረጃ፣ እያንዳንዱ ክፍል 5 ጫማ ብቻ። ለአረጋውያን እናቶችና አባቶችም ማረፊያ ያለው ደረጃ ይሻላል።

ስትሪንገሩን በእስኳድራ ስትስሉ ከተቆረጠው ጥግ እስከ ታች ጠርዝ 5 ኢንች እንጨት መቅረቱን አረጋግጡ። የጥጉን መስመር በመጋዝ አልፋችሁ አትቁረጡ፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ መጨረሻውን በእጅ መጋዝ ጨርሱት። የእያንዳንዱን ስትሪንገር የታች ጫፍ በመርገጫው ውፍረት ልክ ቀንሱት። ይህ ከተረሳ የታችኛው ደረጃ በ1 ኢንች ከፍ፣ የላይኛው በ1 ኢንች ዝቅ ይልና ሁለቱም ከ3/8 ያልፋሉ፤ ሰውም በጨለማ የሚደናቀፈው እዚያው ነው። ለ36 ኢንች ስፋት 3 ስትሪንገር ይበቃል፤ መርገጫው ኮምፖዚት ከሆነ አብዛኞቹ አምራቾች ጠጋ ጠጋ እንዲል ይጠይቃሉ፣ መመሪያቸውን እዩ። ከላይ በኩል በብረት ማሰሪያ ይሰቀል እንጂ በምስማር ብቻ አይያዝ። በደረጃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት 4 ኢንች ኳስ ማሳለፍ የለበትም።

የእጅ መያዣው ከመርገጫው ጫፍ ከ34 እስከ 38 ኢንች ከፍታ ላይ ይሁን፤ ክብ ከሆነ ውፍረቱ ከ1¼ እስከ 2 ኢንች። በጠፍጣፋው ተኝቶ የተመታ 2×6 እጅ ስለማይጨብጠው አያልፍም።

ሬሊንግ

ቁመቱ ቢያንስ 36 ኢንች፣ በዘንጎቹ መካከል 4 ኢንች ኳስ የማያልፍ፣ ከላይ በየትኛውም አቅጣጫ 200 ፓውንድ ግፊት የሚችል ይሁን። ፈተናው ቋሚው ከሥሩ እንዴት ታሰረ የሚለው ነው። 36 ኢንች ላይ የሚገፋ ሰው ከሥር ያለውን ብሎን በብዙ እጥፍ ኃይል ይጎትተዋል፤ ስለዚህ 4×4ን በሁለት ላግ ዳር ላይ መለጠፍ አይበቃም፤ ጎኑን ቆርጦ ማሳሳት ደግሞ የባሰ ነው። የሚሠራው ከጆይስቱ ውስጥ በኩል በሚቀመጥ የብረት መጎተቻ ማሰሪያ ላይ ½ ኢንች ብሎን አሳልፎ ማጥበቅ ነው። በቋሚዎቹ መካከል ከ6 ጫማ አትብለጡ፤ ለኛ ምሳሌ በሦስቱ ጎን 8፣ በደረጃው አፍ አንድ ተጨማሪ፣ የደረጃው ለብቻ። ሲያልቅ አንድ ጠንካራ ሰው ቆሞ በሙሉ ኃይሉ ይግፋው፤ ከተነቃነቀ እንደገና እሰሩት።

ኮንትራክተር የምትቀጥሩ ከሆነ

ሜሪላንድ ውስጥ የኤምኤችአይሲ (የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን)፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የዲፒኦአር (የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ቁጥሩን ጠይቃችሁ በድረ ገጻቸው አረጋግጡ፤ የሰፈር ሰውም ሆነ የወንድም ጓደኛ ቢሆን። በሜሪላንድ ሕግ ውል ሲፈረም ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ መቀበል አይችልም። ፈቃዱን ራሱ በስሙ ያውጣ፤ «እናንተ አውጡት፣ ይረክሳል» ካላችሁ ኃላፊነቱን ለናንተ እያስተላለፈ ነው። ክፍያውን ከፍተሻዎቹ ጋር አያይዙት፦ መሠረቱ ሲያልፍ፣ አጽሙ ሲያልፍ፣ መጨረሻው ሲያልፍ። ውሉ ላይ የሌጀሩ ማሰሪያ ዓይነትና ርቀት፣ የፍላሺንጉ ዓይነትና ዴኩን ወደ ቤቱ የሚጎትተው የብረት ማሰሪያ ይጻፍ።

ካለቀ በኋላ

ለቡና የሚቀጣጠል ከሰል ኮምፖዚትን ያቀልጣል፣ እንጨትን ያቃጥላል፤ ከቤቱ ግድግዳ የተጠጋ ምድጃ ደግሞ የቪኒል ሳይዲንጉን ያጣምመዋል። ማንደጃውን እንጨቱን በማይነካ፣ ከሥሩ አየር በሚያልፍበት ብረት ወይም ንጣፍ ድንጋይ ላይ፣ ከግድግዳውና ከሬሊንጉ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ አመዱን ክዳን ባለው ብረት ውስጥ አድርጋችሁ መሬት አውርዱት።

በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ ከሥር ገብታችሁ በባትሪ እዩ። የሌጀሩን የታች ጠርዝና በዙሪያው ያለውን ግድግዳ በጠመንጃ መፍቻ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ለስላሳ ቦታ ካገኛችሁ ዴኩን ዝጉና አስመርምሩት። በሌጀሩና በግድግዳው መካከል አዲስ ክፍተት፣ በሀንገር ላይ ዝገት፣ ራንዴላው እንጨቱ ውስጥ የሰመጠበት ወይም የላላ ዳዶ ፈልጉ። በመጀመሪያው ዓመት እንጨቱ ስለሚደርቅና ስለሚቀንስ ብሎኖቹ ሁሉ አንዴ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።